የእትዬ አልጋነሽ ለቅሶ

ዶክተር ይገረም እናቱን የገደላት በሃያ ዓመቱ ነው። የገደላትም በግጥም ነው። ነገሩን ለሰማ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ እሱ ግን አንድም ቀን ስቆበት አያውቅም።

እናቱ አልጋነሽ እህል በረንዳ ውስጥ አበጣሪ ነበረች። ነጋዴው ጤፉን ከጆንያ ያራግፋል፤ እሷ ሰፌዷን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፤ ገለባውንና ጠጠሩን ለይታ ንጹሑን ለባለቤቱ ትመልሳለች። ባሏ ልጃቸው ገና ዳዴ ሳይል ስለሞተ ይገረምን ያሳደገችው በዚያው ሰፌድ ነው። በ1973 ዓ.ም. ክረምት ላይ ተስቦ ያዛትና አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ሰው ሳትለይ ተኛች። ይገረም ያኔ የመጀመሪያውን ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጨርሶ ለእረፍት ቤት ነበር። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ፎጣ በውሃ እያራሰ ግንባሯ ላይ ያደርጋል፤ ፎጣው እስኪደርቅ ደግሞ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ፍርሃቱ መውጫ ሲያጣ በደብተሩ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረ።

የሰው ጤፍ ስታነፍስ ዕድሜዋን አንፍሳ፣
ሰፌዷን ትታልኝ ተኛች ላትነሳ

እያለ ሁለት ገጽ ይሄዳል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን አልጋነሽ ዓይኗን ገልጣ አጥሚት ጠየቀች። በወሩ ደግሞ እህል በረንዳ ተመልሳ ከአንድ ደላላ ጋር ስትጨቃጨቅ ታየች። እናትየው ዳነች፤ ግጥሙ ግን ሞታለች እንዳለ ቀረ።

ልጁ አርቆ የሚያስብ ቢሆን ኖሮ ያን ወረቀት ቀዶ ይጥለው ነበር። ግን ገጣሚ ነው፤ ገጣሚ ደግሞ የወጣለትን ግጥም መቅደድ አይሆንለትም። ኅዳር ላይ የተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሲዘጋጅ «ሰፌዷ» የሚል ርእስ ሰጠውና መድረክ ላይ ወጥቶ አነበበው። አዳራሹ ጸጥ አለ። መጀመሪያ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደቀረ አይታወቅም። ሲጨርስ ያጨበጨበ አልነበረም። አብሮት አንድ ክፍል የሚያድረው ኃይለ ማርያም የሚባለው የደሴ ልጅ ከፊተኛው ወንበር ተነስቶ መድረኩ ላይ ወጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«መቼ ነው? አንድ ክፍል እያደርን እንዴት አትነግረኝም?» አለው እያለቀሰ።

እዚህ ላይ «ኧረ አለች» ማለት ይበቃ ነበር። ይገረም አፉን ከፍቶ አዳራሹን አየ። ያን ሁሉ እንባ አይቶ «የውሸቴን ነው» ማለት ነውር መሰለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ በዕድሜው እንደዚያ ያለ ጸጥታ አግኝቶ አያውቅም ነበርና ጸጥታው እንዲያልቅበት አልፈለገም። አንገቱን ደፋ። ያደረገው ይኸው ነው፤ አንገቱን ደፋ።

እኛ አገር ደግሞ በእንዲህ ያለ ሰዓት አንገቱን የደፋ ሰው ነገሩ ከእጁ ይወጣል። በማግስቱ ጠዋት ሲነቃ የመኝታ ክፍላቸው የለቅሶ ቤት ሆኗል። ፍራሾች ወለሉ ላይ ተዘርግተዋል፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከየክፍሉ በተዋጣው ገንዘብ ብስኩትና ስኳር ገዝቶ መጥቷል። ሦስት ቀን ተቀመጡ። ከሁሉም አብልጦ ያለቀሰው ኃይለ ማርያም ነው። እናቱ ወይዘሮ እቴቴ ደሴ ውስጥ ደም ግፊት ይዟቸው ስለነበር የሚያለቅሰው ለእሳቸውም ጭምር ነበር። «ቀብሩ የት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው ይገረም «አገሯ፣ ጎጃም» አለ። የመጀመሪያው ውሸት አንገት በመድፋት ያለፈ ነው፤ ይህኛው ግን ከአፉ ወጣ።

በዚያ እሑድ ጢሙን ሳይላጭ ቤቱ ሄደ። አልጋነሽ ገና ከበር አይታው «ምነው፣ ምን ሆነሃል?» አለችው።

«አሁን እንዲህ ነው ፋሽኑ» አላት።

«የለቅሶ ቤት ሰው መስለሃል፤ ነገ ተላጭ» አለችና ምሳውን አቀረበችለት።

ግጥሙ እንግዲህ የራሱን ኑሮ መኖር ጀመረ። መጽሔት ላይ ሲታተም አዘጋጁ በገዛ እጁ «በሞት ለተለየችኝ እናቴ» የሚል መስመር ከርእሱ ሥር አከለበት። ይገረም መስመሩን አየው፤ ግን ይውጣልኝ ብሎ አልጠየቀም። ነገ እናገራለሁ ሲል የነገው ሰው ቁጥር ከዛሬው እየበዛ ሄደ። መንግሥት ተለወጠ፣ ስንቱ ሹም ወርዶ ስንቱ ተሾመ፤ የአልጋነሽ ሞት ግን ባለበት ጸና። ይገረም ሕንድ አገር ሄዶ ዶክትሬቱን ያዘ፤ የመረጠው ጥናት፣ አያድርስ ነው፣ የሙሾ ግጥም ነበር። ተመልሶ አስተማሪ ሆነ፣ ከፍ ከፍ አለ፣ ሁለት የግጥም መጻሕፍት አሳተመ። ማንም አላነበባቸውም። የትም ቢሄድ «የ‹ሰፌዷ› ገጣሚ» እየተባለ ነው የሚተዋወቀው።

ክፉ ልጅ ነበር እንዳይባል ደግሞ አይደለም። ከደሞዙ ግማሹ የእናቱ ነው። በየእሑዱ ሳይቀር ይመጣል፤ ውሃ ይቀዳል፣ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይጠግናል፤ ከእህል ተሸካሚዎቹ ጋር «መንገድ፣ መንገድ» እየተባባለ ጆንያ መሃል እየተሽሎከለከ ሲያልፍ ዶክተር ነው የሚለው የለም። ከዚያ ስፍራ ወጥታ ቦሌ አካባቢ እንድትኖር ስንት ጊዜ ለምኗታል። «እዚያ ማን ያውቀኛል? ብሞት ማን ይሰማል?» ትለዋለች። ይህን ስትል እሱ ርእስ ይለውጣል።

በዚህ ውሸት የተነሳ የቀረበትም ነገር አለ። አዲስዓለም የምትባል የታሪክ አስተማሪ ወድዶ እሷም ወድዳው ነበር። ሽማግሌ የመላኩ ጊዜ ሲደርስ «በእናትህ በኩል ማን ይመጣል? አክስት የለህም?» አለችው። ለሷ እውነቱን ሊነግራት ሦስት ቀን ተለማመደ። በአራተኛው ቀን፣ ያ ግጥም ገና በተማሪነቷ እንዳስለቀሳትና መጀመሪያ ልቧ ወደሱ ያዘነበለው በዚያ እንደሆነ አጫወተችው። እንዲህ ካለች በኋላ ምን ይበላት? ሽማግሌውን ዛሬ ነገ ሲል ሌላ ሰው አገባት። ይገረም እስካሁን ብቻውን ነው የሚኖረው።

ሁሉም የፈረሰው በ1995 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። አልጋነሽ ዓይኗ ደክሞ ማበጠሩን ትታለች፤ ቀኑን የምታሳልፈው አንዋር መስጊድ ጎን ባለችው በጎረቤቷ በሀያቱ የቅመም ሱቅ ነው። ሀያቱ ሚዛኗን ይዛ ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ አልጋነሽ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ኮረሪማ ትፈለፍላለች። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ ይገረም ሕንድ አገር ሳለ ደብዳቤው የሚመጣው በዚህ ሱቅ አድራሻ ነበር። ሱቁ መደርደሪያ ላይ ያለው ራዲዮ ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ማንም አይሰማውም። በዚያን ቀን ግን ሀያቱ የ«ዶክተር ይገረም»ን ስም ሰማችና ድምፁን ከፍ አደረገች። አንድ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ግጥሙን ሙሉውን አነበበ። ሲጨርስ «ገጣሚው በለጋ ዕድሜው በሞት ላጣቸው፣ በእህል በረንዳ አበጣሪ ለነበሩት እናቱ የጻፈው ነው» አለና ሙዚቃ ለቀቀ።

ሀያቱ ወደ አልጋነሽ ዞረች። አልጋነሽ ጣቶቿ ኮረሪማው ላይ እንዳሉ ቀርተዋል።

በማግስቱ እሑድ ይገረም ብርቱካን ይዞ ሲመጣ ሀያቱን የእናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሌላ ጊዜ «ዶክተራችን» ብላ ነው የምትቀበለው።

«ይገረም» አለች። «ትናንት በራዲዮ እናትህ ሞተች አሉ። እሷ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብላለች። አስተግፊሩላህ አልኩ፣ ሌላ ምን እላለሁ? በቁም ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?»

«እትዬ ሀያቱ፣ እኔ...»

«ለኔ አትንገረኝ። ግባ» ብላ ተነስታ ሄደች።

አልጋነሽ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ሊይዝ ጎንበስ ሲል በእጇ መለሰችውና በርጩማውን አሳየችው። ብርቱካኑን የሚያኖርበት አጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ምን እንደምትለው ሲጠብቅ ብዙ ነገር በልቡ አሰበ፤ ትረግመኛለች አለ፣ ታለቅሳለች አለ፣ ከቤቴ ውጣ ትላለች አለ። እሷ ግን ያላሰበውን ጠየቀችው።

«ሰው መጥቶ ነበር?»

«የት?»

«ለቅሶዬ ላይ ነዋ።»

ይገረም ደነገጠ። ከዚያ ግን መናገር ጀመረና ማቆም አቃተው። ተስቦ የያዛትን ጊዜ፣ ደብተሩን፣ አዳራሹን፣ አንገቱን መድፋቱን፣ ሁሉንም ነገራት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገረውን ነገር የመጀመሪያዋ ሰሚ የሞተችው ራሷ ሆነች። አልጋነሽ እህል ስትመርጥ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው፤ አልፎ አልፎ ትጠይቃለች።

«ስንት ቀን ተቀመጡ?»

«ሦስት።»

«ሴቶችም መጡ?»

«ብዙ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው።»

«ከልባቸው ነው ያለቀሱት ወይስ ለይሉኝታ?»

«ከልባቸው ነው እማ። ኃይለ ማርያም የሚባል ልጅ ነበር፣ አሁን የፋኩልቲያችን ዲን ነው፤ ከኔ በላይ እሱ አለቀሰልሽ።»

አልጋነሽ ትንሽ ፊቷ ፈታ አለ። እውነት ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ሴት፣ ዘመድ የሌላት፣ የምትፈራው ነገር ቢኖር ሰው ያልቆመበት ለቅሶ ነው። «ወልዳ ያሳደገችው እናቱ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

ይገረም ስለ ወይዘሮ እቴቴ ነገራት። በ1976 ዓ.ም. የምርቃቱ ቀን ሜዳው በወላጅ ተሞልቶ ሁሉም ልጁን ሲያቅፍ እሱ ጋውኑን ለብሶ ብቻውን ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር። እቴቴ ከደሴ ለልጃቸው ያመጡትን አበባ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለሱ ሰጡት፤ አቅፈው ግንባሩን ሳሙትና «ከዛሬ ጀምሮ እናትህ እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለኃይለ ማርያም በሶና ማር ሲልኩ የሱንም ለይተው ይልኩ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ልጃቸው አብነት ሰፈር ወዳለው እህቱ ቤት አምጥቷቸው እዚያ ነው ያሉት። ይገረም አልተናገረም እንጂ ከዚያ ወዲህ አብነት ላይ ከታክሲ አይወርድም፤ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በውስጥ ለውስጥ ነው የሚመጣው።

«ምርቃቱ» አለች አልጋነሽ። «ቤተሰብ አይገባም ያልከኝ ጊዜ ነው?»

ይገረም ብርቱካኑን ከጭኑ ወለሉ ላይ አወረደ።

«ልብስ አሰፍቼ ነበር» አለች። «ሀያቱ ናት ጨርቁን የመረጠችልኝ። ቤተሰብ አይገባም ስትለኝ ልብሱን ለብሼ እዚሁ ተቀመጥኩ፤ አሁን ስሙን ጠሩት ይሆናል እያልኩ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ሞቴን ይቅር ብዬሃለሁ። ፈርተህ ነው የጻፍከው፤ የፈራ ሰው ብዙ ይላል። ምርቃቱን ግን ይገረም...»

አልጨረሰችውም። ይገረም አለቀሰ። ስለ ለቅሶ የሚያውቀውን ሁሉ በመጽሐፍ የጻፈ ሰው እናቱ ፊት እንዲህ አልቅሶ አያውቅም።

ሲረጋጋ አልጋነሽ ወደሱ ዞረች። «ያችን ሴት ማየት አለብኝ» አለችው። «ልጄን ሜዳ ላይ ቆሞ አይታ ያቀፈችልኝ ሴት ናት። ጉልበቷን ስሜ ላመሰግናት ይገባል። አብነት አይደል ያለችው? በእግርም እደርሳለሁ።»

«ምን ብዬ ነው የማስተዋውቅሽ?» አለ ሳያስበው።

«እሱን አንተ ነህ የምታውቅ» አለች።

ይገረም እሺ አለ። ፋሲካ ይለፍ አለ። ፋሲካ አለፈ፤ ፈተና ላርም አለ። ፈተናው ታረመ፤ እቴቴን ትንሽ አሟቸዋል፣ እስኪሻላቸው አለ። በየእሑዱ ስትጠይቀው አዲስ ምክንያት ይዞ ይመጣል። ምክንያቶቹን ሁሉ አልጋነሽ ሳትቃወም ትቀበላለች፤ ያ ደግሞ ከቁጣዋ የበለጠ ያንገበግበዋል። ፍርሃቱ ምን እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል። ከባልደረቦቹ ፊት ውሸታም ሆኖ መቆም ነው። ተማሪዎቹ፣ አንባቢዎቹ፣ ያ ግጥም ያስለቀሳቸው ሁሉ ምን ይላሉ? ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ኃይለ ማርያም ነው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የፋኩልቲው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት ተለጥፎ አገኘ። የዲኑ እናት ወይዘሮ እቴቴ አርፈዋል።

ከቀብሩ መልስ ባልደረቦቹ ወደ ድንኳኑ ሲሄዱ እሱ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቀረና በእግሩ እህል በረንዳ መጣ። አይሱዙ መኪኖች እህል እያራገፉ መንገዱን ዘግተውታል፤ ተሸካሚዎቹ እየገፉት አለፉ፤ አልተሰማውም። አልጋነሽ በማክሰኞ ቀን ጥቁር ከረባት አድርጎ በሩ ላይ ሲቆም አየችው።

«እቴቴ ናት?» አለች።

ራሱን ነቀነቀ።

አልጋነሽ ሳጥኗን ከፍታ ጥቁር ቀሚሷን አወጣች፣ አራግፋ አልጋው ላይ ዘረጋችው፣ እጥፋቱን በመዳፏ አለሰለሰችው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው እንደቆመች «ሳላመሰግናት አፈር ገባች» አለች። «ነገ ድንኳኗ ትወስደኛለህ።»

«እማ...»

«አታስብ። አክስቱ ነኝ እላለሁ፣ የእናቱ እህት። ሰው ፊት አላዋርድህም። ብቻ ለቅሶዋን ልድረስ።»

ይገረም እዚህም ላይ አንገቱን ደፋ። ይህ አመሉ አልለቀቀውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እጇን ይዞ አብነት ወሰዳት። ድንኳኑ ከእህትየዋ ቤት አጥር ጋር ተያይዞ መንገዱን ግማሽ ይዟል። የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ውጭ ቆሟል። ውስጥ ደግሞ ባልደረቦቹ በሙሉ አሉ፤ ግማሾቹ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፣ ሌሎቹ በአንድ በኩል ካርታ ይጫወታሉ፤ ንፍሮ በሰሃን ይዞራል። ይገረምን ሲያዩ አንድ ሁለቱ ቦታ ለቀቁለት። እሱ አልተቀመጠም።

ኃይለ ማርያም ጋቢ ደርቦ በመሃል ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ በአንድ ሌሊት ያረጀ ይመስላል። አልጋነሽ የልጇን እጅ ለቃ በቀጥታ ወደሱ ሄደች። ጎንበስ ብላ ትከሻውን አቅፋ አለቀሰች። ልማድ ሆኖባት ለይሉኝታ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። በዓይኗ አይታት ለማታውቀው ሴት እህቷ የሞተችባት ያህል አለቀሰች፤ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ፀጥ ብለው የነበሩት እንደገና ጀመሩ። ኃይለ ማርያም ራሱ ከማታ ወዲህ ደርቆ የነበረው እንባው መጣ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን በጋቢው ጠራርጎ ቀና አለና ይገረምን ከኋላዋ ቆሞ አየው።

«እኚህ እናት ማን ናቸው ይገረም?» ብሎ ጠየቀ።

ይገረም አፉን ከመክፈቱ በፊት አልጋነሽ ቀደመችው።

«አክስቱ ነኝ ልጄ። የእናቱ እህት» አለች። «እናትህ ውለታ ውለውልናል። እናቱ ብትኖር እሷ ነበረች ዛሬ እዚህ የምትመጣው።»

አነጋገሯ አልተንቀጠቀጠም። መንገድ ላይ ተለማምዳው እንደመጣች ይገረም ገባው፤ ዝም ብላ የመጣችው ለዚህ ነበር። ግጥም ጽፎ ቀበራት፤ እሷ ደግሞ እሱ እንዳያፍር ብላ በገዛ አፏ መቃብሯን እየዘጋች ነው። ከባልደረቦቹ ፊት ውሸታም ከመሆን የሚብስ ነገር ያለ አይመስለውም ነበር፤ አሁን ግን አየው።

«እናቴ ናት» አለ።

ድምፁ ደክሞ ስለወጣ የሰማው አልነበረም። ኃይለ ማርያም «ምን አልክ?» አለው።

«እናቴ ናት። አልጋነሽ ትባላለች። አልሞተችም፤ ያኔም አልሞተችም።»

ካርታ የሚጫወቱት እጃቸውን አቆሙ። አንድ ሰው «ምን ነው የሚለው?» ሲል ሌላው ዝም በል ብሎ በክርኑ ነካው። አልጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መሬት አየች። ኃይለ ማርያም አንዴ እሷን፣ አንዴ ይገረምን ያያል። ፊቱ ላይ የመጣው ቁጣ ነው ወይስ ሌላ፣ ይገረም መለየት አልቻለም።

«እኔ እኮ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ» አለ ኃይለ ማርያም ቀስ ብሎ። «እናቴ ደግሞ ሃያ ዓመት። በየዓመቱ የአባቴን ሙት ዓመት ስታወጣ፣ ካህኑ ዘንድ የአባቴን ስም አስጠርታ ቀጥላ የእናትህን ስም ታስጠራ ነበር። ‹ያ ልጅ ማን አለው፣ ማን ያስብላታል› እያለች። ባለፈው የካቲትም አድርጋዋለች፣ ታማ ተኝታ።»

ይገረም ይህን አያውቅም ነበር። የድንኳኑን ምሰሶ ያዘ።

አልጋነሽ ግን ቀና አለች። «ለኔ ነፍስ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «እኔን በስሜ?»

«አዎ እናቴ። አልጋነሽ እያለች፣ በስምዎ።»

«እንግዲያ ጸሎቷ አልጠፋም» አለች። «እኔ እንኳ በዚህ ሁሉ በሽታ ማን እያቆየኝ ነው እል ነበር።»

ኃይለ ማርያም ሊስቅ ነው ሊያለቅስ ነው ሲባል ወደ ይገረም ዞረ። «ሃያ አንድ ዓመት እናት ነበረህ» አለው። ሌላም ሊጨምር ሲል አልጋነሽ እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች።

«ተወው ልጄ። እሱን ቤት ገብቼ እኔ እቆጣዋለሁ። አንተ እናትህን አልቅስ።»

ኃይለ ማርያም ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። አልጋነሽ ሸክሙ ከብዷት፣ ጎንበስ እንዳለች፣ ጀርባውን እየደባበሰች ቆየች። ባልደረቦቹ ይገረምን አያዩትም፤ ሁሉም የሚያየው ሁለቱን ነው። እሱ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ፣ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ እያለ፣ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው።

ኃይለ ማርያም ፊቱን ሳያነሳ ተናገረው። «ምን ቆመህ ታያለህ? ለእናትህ መቀመጫ አምጣላት።»

ይገረም ዞረ። ትርፍ ወንበሮቹ የተደረደሩት በድንኳኑ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ እዚያ ለመድረስ በአስተማሪው፣ በጸሐፊዎቹ፣ በተማሪዎቹ ሁሉ መሃል ማለፍ አለበት። አለፈ። አንዳንዶቹ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁለት፤ አንዳንዶቹ አልለቀቁለትም። ወንበሮቹ ዘንድ ቆሞ የነበረ የእድር ሰው አንዱን አንስቶ ሊሰጠው ሲል «ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ለእናቴ» አለ ይገረም።